የ23 ዓመት አዘጋጅን በአንድ ውል መሰረዝ አይቻልም፦ ስለ ጆን ሙልሆላንድ ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ ጆን ሙልሆላንድ ነው። ሙልሆላንድ «ዘ ስፊንክስ» የተባለውን የአሜሪካ የምትሃት ባለሙያዎች መጽሔት ከ1930 እስከ 1953 በዋና አዘጋጅነት የመራ ሰው ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው፦ ሰውየው አስማተኛ ነበር። መጽሔቱ የሲአይኤ ሽፋን ነበር። አንባቢዎቹን በ3 ሺህ ዶላር ሸጣቸው። ዕድሜውን የሙያ ጓደኞቹን ምስጢር ሲያትም ኖረ። ራሱ መድረክ ላይ የረባ ነገር አልሠራም። የግድያ መመሪያ ጻፈ፣ ከዚያም ምንም ሳያስቀር ሞተ።

አንብቤ ስጨርስ ተናደድኩ። ሁሉም ውሸት ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ አልፈው ነበር። ግን ከፊሉ እውነት ነው፤ እውነቱ ደግሞ ከነበረበት ቦታ ተነቅሎ የሌላ ዘመን ላይ ተለጥፏል። አንባቢ የትኛው የትኛው እንደሆነ በምን ይለየው?

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። እኔም በአንድ ወቅት ለሦስት ዓመት የአንድ አነስተኛ ማኅበር ወርሃዊ መጽሔት አዘጋጅ ነበርኩ። ወር በደረሰ ቁጥር ጸሐፊ ስለምን፣ ቃል የገባ ሰው ስልኬን ሳያነሳ፣ የቀረውን ገጽ ሌሊት ቁጭ ብዬ ስሞላ፣ ታትሞ ሲወጣ ደግሞ የስም ፊደል የተሳሳተበት ሰው ተቆጥቶ ሲደውል ኖሬአለሁ። ሦስት ዓመት ብቻ ነው፣ እሱም አደከመኝ። ስለዚህ «23 ዓመት» የሚለውን ሳነብ ለእኔ ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም። ለሙልሆላንድ የማደላበት ምክንያት ካለ ይኸው ነው፤ አንባቢ ይወቀው።

ከቃሉ ልጀምር። ጸሐፊው ሙልሆላንድን ከላይ እስከ ታች «አስማተኛ» ይሉታል፤ አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም ከጠንቋይ ጋር ያዛምዱታል። በአማርኛ እነዚህን ቃላት ማቀላቀል ቀላል ስህተት አይደለም። «አስማት» በግዕዝ «ስሞች» ማለት ነው። እኛ ዘንድ አስማት ሲባል ምስጢራዊ ስሞችን መጥራት፣ ክታብ መጻፍ፣ መናፍስትን ማዘዝ ነው የሚታሰበው። መድረክ ላይ ቆሞ ካርታ የሚሰውር፣ ከባርኔጣ ርግብ የሚያወጣ ሰው ሌላ ነው። እሱ ምትሃተኛ ነው፤ ዛሬ ብዙ ሰው «ማጂክ» የሚለው ነገር ነው። ተመልካቹ እየተታለለ መሆኑን ያውቃል፤ ትኬት የቆረጠውም ለዚሁ ነው።

ሙልሆላንድ ደግሞ ይህን ልዩነት ለመጠበቅ ብዙ የደከመ ሰው ነው። በ1938 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ መናፍስት ጠሪዎች ማታለያ ነው። ከፎክስ እህቶች ጀምሮ ነው የሚተርከው። እነዚህ ልጆች በ1848 ሃይድስቪል በምትባል የኒውዮርክ ግዛት መንደር ውስጥ የሙታን መንፈስ ግድግዳ እያንኳኳ ያናግረናል አሉ፤ ከዚያ ተነስቶ ሚሊዮኖች የተከተሉት እንቅስቃሴ ሆነ። ከ40 ዓመት በኋላ በ1888 ከእህቶቹ አንዷ ማርጋሬት ኒውዮርክ ውስጥ መድረክ ላይ ወጥታ ድምፁን የምታወጣው በእግሯ ጣት መገጣጠሚያ እንደነበር በሰው ፊት አሳየች። በኋላ ቃሏን መልሳ አጠፈች፤ የታየው ግን ታይቷል። ልጃቸውን ያጡ እናቶች ገንዘባቸውን ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች ሲያፈሱ ያልወደደ ሰው ነው ሙልሆላንድ። እሱን ጠንቋይ ማለት ሐሰተኛ ብር የሚለየውን የባንክ ሠራተኛ ሐሰተኛ ብር አታሚ እንደማለት ነው።

ሽፋን ነበር ወደሚለው ልለፍ። ይህን ለመመለስ ቀን መቁጠር ብቻ ይበቃል። «ዘ ስፊንክስ» የተጀመረው መጋቢት 1902 ቺካጎ ውስጥ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዶክተር ዊልሰን የሚባል የካንሳስ ሲቲ ሐኪም ተረከበውና እስከ ሞተበት እስከ 1930 ድረስ መራው። ከእሱ ወደ ሙልሆላንድ ተላለፈ። ሲአይኤ የተቋቋመው መቼ ነው? በ1947። ሙልሆላንድ በዚያን ጊዜ 17 ዓመት አዘጋጅ ሆኖ ነበር። ኤምኬ-አልትራ የሚባለው የሲአይኤ ድብቅ ፕሮግራም ደግሞ በመሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር በአለን ደለስ የጸደቀው ሚያዝያ 1953 ነው። ሙልሆላንድ ከፕሮግራሙ ኃላፊ ከሲድኒ ጎትሊብ ጋር ስለ መመሪያው ሥራ የተነጋገረው በዚያው ወር ነው። በዚያው ዓመት መጽሔቱ ቆመ። ገና ያልተወለደ መሥሪያ ቤት ሽፋን መሆን እንዴት ይቻላል?

ጸሐፊው የ1953ቱን ነገር ይዘው ወደ ኋላ ወደ 1930 ጎትተውታል። ሰው በ55 ዓመቱ ያደረገውን በ32 ዓመቱ ላይ መለጠፍ ነው ይህ። ታሪክ የሚጻፈው እንዲህ አይደለም።

አንባቢዎቹን ሸጠ የሚለው ላይ ግን ልዋሽ አልፈልግም። ሙልሆላንድ መጽሔቱን ሲያቆም ለደንበኞቹ የነገራቸው ጤናው መታወኩን ነው። ጤናው በእርግጥ ደህና አልነበረም፤ ጨጓራውና መገጣጠሚያው ያሠቃዩት ነበር። ግን ሌላውን ምክንያት ደብቋል። ውል ፈርሟል፣ 3 ሺህ ዶላር ተመድቦለታል፣ ጊዜውም ለዚያ ሥራ ተፈልጓል። 51 ዓመት የኖረ መጽሔት አንባቢ ሙሉውን እውነት ሳይሰማ ተሰናበተ። ይህ ያሳዝናል፤ ጸሐፊው ቢከፉበት አልፈርድባቸውም።

«ሸጣቸው» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። የአንባቢዎቹን ስም ዝርዝር አልሰጠም፣ መጽሔቱን የስለላ መልእክት ማስተላለፊያ አላደረገውም። የሸጠው የራሱን ዕውቀትና የራሱን ጊዜ ነው። ለማን እንደሸጠው ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

አሁን ይበልጥ ወደሚቆረቁረኝ ነጥብ። ጸሐፊው የምትሃት መጽሔት አዘጋጅን የሙያው ከሃዲ አድርገው ነው የሚያዩት። ምትሃት ምስጢር ከሆነ ምስጢር የሚያትም ሰው ከዳተኛ ነው ይላሉ። ላይ ላዩን ሲያዩት ያሳምናል። ሙያው እንዴት እንደሚሠራ ለሚያውቅ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሆራስ ጎልዲን የሚባል ታዋቂ ምትሃተኛ ነበር። ሴት በመጋዝ ለሁለት የመቁረጡን ትርዒት በ1923 በፓተንት አስመዘገበ። ሌላ ሰው እንዳይሰርቀው ብሎ ነው። ግን ፓተንት ማለት አሠራሩን ለሕዝብ መግለጽ ማለት ነው። በ1933 የካሜል ሲጋራ አምራች ኩባንያ የምትሃት ዘዴዎችን እየገለጠ በጋዜጣ ማስታወቂያ ማውጣት ጀመረ፤ መታለል ደስ ይላል፣ ማወቅ ግን ይበልጥ ደስ ይላል የሚል ዓይነት መፈክር ነበረው። ከገለጣቸው አንዱ የጎልዲን መጋዝ ነው። ጎልዲን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ1938 ክሱን ውድቅ አደረገው። ምስጢሩን በፓተንት ራስህ ለዓለም ነግረሃል ተባለ።

ይኸው ነው የምትሃተኛ ችግር። ሕግ አይጠብቀውም። አዲስ ዘዴ የፈጠረ ሰው ዝም ካለ ሌላው ሰርቆ የእኔ ነው ይላል፤ ለመንግሥት ካስመዘገበ ደግሞ ሁሉም ያነበዋል። ታዲያ ፈጠራው የማን እንደሆነ የት ይጻፍ? በሙያው መጽሔት ነው። መጽሔቱ የሚሄደው ወደ ሙያው ሰዎች ነው፣ ጋዜጣ ሻጭ አደባባይ ላይ አይዘረጋውም። አንድ ምትሃተኛ ዘዴውን ጽፎ ሲልክ አዘጋጁ ያነበዋል፣ ከዚህ በፊት ሌላ ሰው እንዳላወጣው ያመሳክራል፣ በስሙና በቀኑ ያትመዋል። ከዚያ በኋላ ክርክር ቢነሳ ያ ገጽ ምስክር ነው። ይህን ሥራ በደንብ የሚሠራ አዘጋጅ ሲኖር ምትሃተኛው ለፈጠራው የሚሟገትለት ሰው አለው። ካሜልና «ስፊንክስ» ሁለቱም ምስጢር አትመዋል፤ አንዱ ሲጋራ ለመሸጥ፣ ሌላው የማን እንደሆነ ለመመዝገብ። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ አድርገዋቸዋል።

ከእስራት በማምለጥ የታወቀው ምትሃተኛ ሁዲኒ ራሱ ሳይቀር የአዘጋጅን ጉልበት ያውቅ ነበር። በዶክተር ዊልሰን ዘመን «ስፊንክስ» የሚገባኝን ያህል አላመሰገነኝም ብሎ ተቀየመ። ከዚያ በ1906 የራሱን መጽሔት አወጣ። ሁለት ዓመት ቆየና በ1908 ተዘጋ። ያን ዘመን ሁዲኒ በዓለም ታዋቂ ነው፣ ገንዘብ አለው፣ ጉልበት አለው። ሁለት ዓመት ነው የቆየው! ከዊልሰንም ጋር በኋላ ታረቁ። ወር በወር፣ ሳይሰለቹ፣ የሌላውን ሥራ ከራስ ስም አስቀድሞ ማተም ሁዲኒን እንኳን አስቸግሮታል።

ሙልሆላንድ መድረክ ላይ ስላልተሳካለት አዘጋጅ ሆነ ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም። በአምስት ዓመቱ ሀሪ ኬላርን፣ የዘመኑን ትልቅ ምትሃተኛ፣ አይቶ ልቡ ተሰረቀ። በ13 ዓመቱ ከጆን ሳርጀንት መማር ጀመረ፤ ሳርጀንት የሁዲኒ ጸሐፊ ሆኖ የሠራ አንጋፋ ነው። ከዚያ ኒውዮርክ ውስጥ ሆራስ ማን በሚባል ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ መምህር ሆነ። መምህርነቱን ትቶ በትርዒትና በንግግር ኖረ፤ ዋይት ሀውስ ውስጥም ለሩዝቬልት ቤተሰብ አሳይቷል። የእሱ አቀራረብ እያሳዩ ማስረዳት ነበር፤ ስለ ምትሃት ታሪክ ያወራል፣ በመሃል እጁ ይሠራል። የመምህር ጠባዩ አልለቀቀውም። መጽሔቱንም ጥሩ ያደረገው እሱ ይመስለኛል።

ደግሞስ ጎበዝ አዘጋጅ የከሸፈ ባለሙያ ነው የሚለው አባባል ከየት ነው የመጣው? በዚያው ዘመን ጂን ሁጋርድ የሚባል አውስትራሊያዊ ነበር። ከ1943 ጀምሮ ኒውዮርክ ላይ ወርሃዊ የምትሃት መጽሔት ያወጣ ነበር። በመጨረሻ ዓመታቱ ዓይኑ ጠፋ። ዓይኑ ጠፍቶም አልተወውም፤ በ1959 እስኪሞት ድረስ በስሙ ይወጣ ነበር። ቲኦ አነማን ደግሞ በ1934 የጀመረውን መጽሔት ሲያዘጋጅ ራሱ የአእምሮ ንባብ ትርዒት ፈጣሪዎች ቁንጮ ነበር። እነዚህ ሰዎች ለሙያው ከነበራቸው ፍቅር የተነሳ የደከሙ ናቸው። ሙልሆላንድም ከእነሱ አንዱ ነው።

እሺ፣ ወደ መመሪያው እንምጣ። እዚህ ላይ ነው ጽሑፉ ትልቁን እውነት የያዘው፤ ትልቁንም ስህተት የሠራው።

ሙልሆላንድ ለሲአይኤ የጻፈው መመሪያ እንክብል፣ ዱቄትና ፈሳሽ ነገር ሰው ሳያውቅ መጠጡ ውስጥ ስለመጨመር ነው። ይህ ሐቅ ነው። የሲአይኤ ዳይሬክተር የነበረው ሪቻርድ ሄልምስ በ1973 የኤምኬ-አልትራ ሰነዶች እንዲጠፉ ሲያዝ አብሮ ጠፍቶ ነበር ተብሎ ይታሰብ የነበረው ይህ መመሪያ ቅጂው በ2007 ተገኘ፣ በ2009 ታትሞ ወጣ። ስለዚህ ዛሬ ማንም ሊያነበው ይችላል። ጸሐፊው ግን ያነበቡት አይመስለኝም። አንብበውት ቢሆን ኖሮ ዋናውን ነገር አይዘሉትም ነበር።

መመሪያው ላይ የሚገርመው አጻጻፉ ነው። ሰላይ የሚለውን ቃል ይሸሻል፤ «ትርዒት አቅራቢ» እያለ ነው የሚጽፈው፣ ድርጊቱንም «ማታለያ» ይለዋል። የሚያስተምራቸው ሰዎች ምትሃተኞች አይደሉም። ቁጭ ብለው ለዓመታት እጃቸውን የሚያለማምዱበት ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ የእጅ ቅልጥፍና የሚጠይቀውን ሁሉ ይተዋል። እጅ ከዓይን ይፈጥናል የሚለውን የሰው እምነትም ያፈርሰዋል፤ እጅ አይፈጥንም፣ የፈጠነ እጅ እንዲያውም ዓይን ይስባል። የሚታለለው አእምሮ ነው። ሰው ሁልጊዜ የሚያየውን የተለመደ እንቅስቃሴ አይጠራጠርም። ለምሳሌ ለሌላው ሰው ሲጋራ መለኮስ። በአንድ እጅ ክብሪት ተጭሮ ሲጋራው ሲለኮስ የሰውየው ዓይን እሳቱ ላይ ነው፤ ከካርቶን ክብሪቱ ጀርባ የነበረው እንክብል ደግሞ ብርጭቆው ውስጥ ይወድቃል። ትንሽ፣ ተራ፣ ጨዋ የሚመስል ነገር። ሌላ ክፍል አለው ደግሞ፤ የጫማ ማሰሪያ አስተሳሰርን እየለዋወጡ ሳይነጋገሩ ምልክት ስለመለዋወጥ።

ይህን ሳነብ ሰውነቴን የወረረኝ ነገር አጻጻፉ ግልጽ መሆኑ ነው። አንድ ደረጃ እንኳን አይዘልም። አንባቢው የት ላይ ግራ እንደሚጋባ አስቀድሞ ያውቃል። ይህ ችሎታ ከየት መጣ? 23 ዓመት ሙሉ የሌሎችን የተንዛዛ ማብራሪያ ሲያርም፣ «እጅህ እዚህ ላይ ምን ይሠራል?» እያለ ሲጠይቅ ከኖረው አዘጋጅ ነው። የጠፋብን ነገር ይኸው ነው። ለምትሃተኞች የተገነባ ንጹሕ ችሎታ ለሌላ ዓላማ ዋለ። ምትሃት ተመልካቹ ወዶ የሚታለልበት ነው ብያለሁ። መጠጡ ውስጥ እንክብል የተጨመረበት ሰው ግን አልወደደም፤ ትኬት አልቆረጠም።

ስለዚህ አልከላከልለትም። እንክብሉ ምን እንደሆነ መመሪያው ላይ አልተጻፈም፤ ይህ ግን ነጻ አያወጣውም። ኤምኬ-አልትራ ኤልኤስዲ የሚባለውን አእምሮ የሚያቃዥ ዕፅ ለማያውቁ ሰዎች የሰጠ ፕሮግራም ነው። ፍራንክ ኦልሰን የሚባል የመንግሥት ሳይንቲስት ኅዳር 1953 ሳያውቅ በጎትሊብ ሰዎች እጅ ኤልኤስዲ ጠጣ፤ ከቀናት በኋላ ኒውዮርክ ውስጥ ከሆቴል መስኮት ወድቆ ሞተ። ከመሞቱ በፊት በነበሩት ቀናት ሙልሆላንድ ዘንድም ተወስዶ ነበር። ጸሐፊው ይህን ሳይጠቅሱ ቀርተዋል፤ ከሁሉም የሚከብደው ግን እሱ ነው። ሙልሆላንድን የሚወድ ሰው ይህን መዝለል የለበትም። እኔም አልዘለልኩትም።

«የግድያ መመሪያ» የሚለው ርዕስ ግን ያሳስታል። እንዲህ ተብሎ ሲጻፍ አንባቢ ስለ ጩቤና ስለ ገመድ ያስባል። ነገሩ ከዚያ ይልቅ የሚያስፈራው ጨዋ ስለሚመስል ነው። ሲጋራ መለኮስ ነው፤ እንግዳ ማስተናገድ ነው። በትክክል ቢጻፍ ኖሮ ክሱ ይበልጥ ይከብድ ነበር እንጂ አይቀልም።

የመጨረሻው፣ ምንም ሳያስቀር ሞተ የሚለው ነው። በ1970 ኒውዮርክ ውስጥ መሞቱ እውነት ነው። ምንም አላስቀረም ግን አይባልም። ሙልሆላንድ ዕድሜ ልኩን የምትሃት መጻሕፍት፣ የትርዒት ወረቀትና ፖስተር፣ ደብዳቤና ዕቃ ሲሰበስብ ኖሯል። ስብስቡ ኒውዮርክ ላይ «ዘ ፕሌየርስ» በሚባለው የተዋንያን ክለብ ነበር የሚቀመጠው። በ1980ዎቹ አንድ የሎስ አንጀለስ የባንክ ባለቤት በ575 ሺህ ዶላር ገዛው፤ ሪኪ ጄይ የተባለው ታላቅ የካርታ ባለሙያ ጠባቂ ሆነለት። ባንኩ ሲወድቅ ስብስቡ በመንግሥት እጅ ገባ። በ1991 ታዋቂው ምትሃተኛ ዴቪድ ኮፐርፊልድ በ2.2 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። አሁን ላስ ቬጋስ ውስጥ ነው፤ ኮፐርፊልድ ለምትሃት ታሪክ ላቋቋመው ስብስብ ዋናው መሠረት ሆኗል።

«ስፊንክስ»ም አለ። ከ1902 እስከ 1953 ያሉት እትሞች ዛሬ በዲጂታል ተቀምጠዋል። የማን ዘዴ መቼ እንደታተመ ክርክር ሲነሳ ባለሙያዎች አሁንም የሚከፍቱት እነዚያን ገጾች ነው። ጸሐፊው ሁለተኛ ክፍል እጽፋለሁ ብለዋል። መመሪያውን ለጊዜው ያስቀምጡትና ከ1930ዎቹ አንድ ዓመት ይምረጡ። አሥራ ሁለቱንም እትም ተራ በተራ ያንብቡ። ከዚያ ስለ አዘጋጁ ይጻፉ፤ እኔም አነበዋለሁ።